እየነዱ የደም ስኳር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መንዳት ይችላል፤ አብዛኛውም በሰላም ነድቶ በሰላም ይገባል። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጀምረው ማንበብ ያለባቸው በተለይ ኢንሱሊን የሚወስዱ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፉ እንክብሎችን የሚውጡ ሰዎች ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች የመውረዱ ዕድል አነስተኛ ስለሆነ ስለ ዓይንና ስለ እግር ወደሚናገረው ክፍል ቢያልፍ ብዙ አይቀርበትም።

ከዚህ በታች ያሉት የደም ስኳር ቁጥሮች በሚሊግራም በዴሲሊትር የተሰጡ ናቸው። መለኪያዎ በሚሊሞል የሚያሳይ ከሆነ እዚህ የተሰጠውን ቁጥር ለ18 ያካፍሉ።

ምልክት፦ በጉዞ ላይ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ

አንዳንዴ ምልክቱ ሌላ መልክ ይይዛል፦ በሌሎች አሽከርካሪዎች ላይ ያለ ምክንያት መበሳጨት፣ በየቀኑ የሚታጠፉበትን መንገድ አልፎ መሄድ፣ መስመር መሳት። አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው «ምን ሆነሃል?» ወይም «ምን ሆነሻል?» ካለ ከራስዎ ስሜት ይልቅ እሱን ይመኑ።

መንስኤ፦ ስኳርዎ ከ70 በታች ወርዷል ወይም እየወረደ ነው። አንጎል በዋናነት የሚሠራው ከደም በሚያገኘው ስኳር (ግሉኮስ) ሲሆን የራሱ ክምችት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስኳር እየወረደ በሄደ መጠን ማመዛዘን ይደክማል። «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ደርሼ እበላለሁ» የሚለውን ውሳኔ የሚሰጠውም ያው የደከመው አንጎል ነው። ስለዚህ ውሳኔው ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ በሙሉ አእምሮ ሳሉ ያለቀ መሆን አለበት፦ ምልክቱ ከታየ እቆማለሁ።

መፍትሄ፦ አደጋ በማያስከትል ቦታ ይቁሙ። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ይንቀሉ፤ ለትራፊክ የማያጋልጥዎት ከሆነም ከመሪው ወንበር ወደ ጎን ይዛወሩ፤ ግራ በመጋባት መኪናውን መልሰው እንዳያስነሱ ይጠብቅዎታል። ከዚያ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይውሰዱ፦ በውኃ የተበጠበጠ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ያህል መደበኛ ለስላሳ መጠጥ። ስኳር አልባ ተብሎ የሚሸጠው ምንም አይረዳዎትም። ቸኮሌትም ቢሆን ስቡ ስኳሩን ስለሚያዘገየው ለዚህ ሰዓት አይሆንም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት። መለኪያ ካልያዙ ስኳሩ እንደወረደ ቆጥረው ይውሰዱት፤ ጥቂት ከፍ ማለቱ ከመውደቅ ይሻላል። ቁጥሩ ሲስተካከል ስኳሩ ተመልሶ እንዳይወርድ ቆየት ብሎ የሚፈጭ ምግብ ይብሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። መለኪያው 95 ሲያሳይ ወዲያው ቁልፍ ያነሳል። ደሙ ቢስተካከልም አንጎል ወደ ሙሉ ንቃቱ ለመመለስ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል፤ የብሪታኒያ የመንጃ ፈቃድ መመሪያ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ 45 ደቂቃ መጠበቅን ያዛል። ቀጠሮው ቢያልፍ ይለፍ፤ ደውለው ይንገሯቸው።

አብሮዎት የሚጓዝ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ራስዎን ከሳቱ አፍዎ ውስጥ ምንም ነገር አይጨምር፤ ሊያንቅዎት ይችላል። በጎንዎ አስተኝቶ አምቡላንስ ይጥራ፤ የወረደ ስኳርን ከፍ የሚያደርገውን መድኃኒት ግሉካጎን ከያዛችሁና አሰጣጡን ከተማረ ይስጥዎት።

ምልክት፦ ስኳሬ መንገድ ላይ ደጋግሞ ይወርዳል

ከኢንሱሊን በኋላ ምግብ ማዘግየት የተለመደው ምክንያት ነው። ሁለተኛው የጉልበት ሥራ ወይም ስፖርት ነው፤ ጡንቻ ከደም ስኳር መሳቡን ለሰዓታት ስለሚቀጥል ትናንት የሠሩት ዛሬ ጠዋት መሪ ላይ ሊያገኝዎት ይችላል። አልኮልም ጉበት አዲስ ግሉኮስ እንዳይሠራ ስለሚያግድ ከጠጡ ከብዙ ሰዓታት በኋላም ስኳር ያወርዳል። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር በቅርብ ጊዜ የጀመረ ከሆነ ኩላሊትዎን ያስመርምሩ፤ ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ በሰውነት ውስጥ ከወትሮው በላይ ይቆያሉ።

መፍትሄው ከመነሳትዎ በፊት መለካት፣ በረጅም ጉዞ ደግሞ በየ2 ሰዓቱ ቆሞ መለካት ነው። 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይነሱ። በ70 እና በ90 መካከል ከሆነ አንድ ነገር ይብሉ፤ ከፍ ማለቱን በመለኪያ ሳያረጋግጡ አይነሱ። ከ70 በታች ከሆነ አይነዱም። ጉዞው አጭር መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ፈጣን ስኳሩን ከኋላ ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ተቀምጠው እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ያኑሩት።

ምልክት፦ ምንም አልተሰማኝም፤ መለኪያው ግን 52 አለ

ከሁሉም አብልጬ የምፈራው ይህን ነው። ስኳሩ ደጋግሞ የወረደበት ሰውነት ማስጠንቀቂያውን ያቆማል፤ ላቡና መንቀጥቀጡ ይቀርና ሰውየው በቀጥታ ወደ ግራ መጋባት ይሻገራል። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡ መድኃኒቶችም መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ ላብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋምና ያለ ሙቀት ካላበዎት ይለኩ።

ይህ የደረሰበት ሰው መንዳቱን ለጊዜው ትቶ ሐኪሙን ያነጋግር። ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ፦ የመድኃኒቱ መጠን ተስተካክሎ ለተወሰኑ ሳምንታት ስኳሩ እንዳይወርድ ከተደረገ የጠፋው ማስጠንቀቂያ በብዙዎች ላይ ይመለሳል።

ምልክት፦ መለኪያው ደህና ይላል፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም

ቆዳ ላይ የሚለጠፈው መለኪያ የሚያነበው በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ከደሙ በደቂቃዎች ይዘገያል። ቆመው ጣትዎን ወግተው ያረጋግጡ። ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂም የሐሰት ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል፤ መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ። በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ የከረመ የመለኪያ ወረቀት አይታመንም። ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው፤ በሙቀት ኃይሉን ያጣል፣ ስለዚህ ሲወርዱ ይዘውት ይውረዱ።

ምልክት፦ እይታ ይደበዝዛል፣ የማታ መብራት ይበታተናል

ከጥማትና ከተደጋጋሚ ሽንት ጋር ከመጣ ስኳሩ ከፍ ብሏል፤ የዓይን ሌንስ ውኃ ስቦ ቅርጹን ይለውጣል። ሕክምና ጀምረው ስኳሩ በፍጥነት ሲስተካከልም ይህ ያጋጥማል። እይታው እስኪጠራ አይንዱ፤ ስኳሩ ለጥቂት ሳምንታት ሳይረጋ አዲስ መነጽር አይግዙ፣ ገንዘብዎ ይባክናል።

ማታ ብቻ የሚብስ ከሆነ የዓይን ሞራ ወይም የሬቲና (በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ጉዳት ሊኖር ይችላል። የሬቲና ጉዳት ሳይታወቅ ብዙ ርቀት ስለሚሄድ ዓይንዎን በየዓመቱ ያስመርምሩ፤ በምርመራው ቀን የሚደረገው ጠብታ ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ ሌላ ሰው ይንዳልዎት። ለሬቲና የሚሰጠው ሰፊ የጨረር ሕክምና የጎንና የማታ እይታን ሊቀንስ ይችላል፤ ከሕክምናው በኋላ ወደ መንዳት ስለመመለስ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ምልክት፦ እግሬ ፍሬን ላይ ይሁን ነዳጅ መስጫው ላይ ዝቅ ብዬ ካላየሁ አላውቅም

የነርቭ ጉዳት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በእግር ጣቶች መደንዘዝ ነው። ፔዳሉን ለማየት ዓይንዎን ከመንገዱ ማንሳት ካስፈለገዎት መንዳት ያቁሙና ይመርመሩ። ስሜቱ ጨርሶ ከጠፋ ፍሬንና ነዳጅ በእጅ የሚታዘዙበት መኪና አማራጭ ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ለሐኪሜ ብናገር ፈቃዴን አጣለሁ

በመንዳት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው እንዲህ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ ለከባድ መኪናም ጠበቅ ይላል፤ ሆኖም ኢንሱሊን መውሰድ በየቦታው መከልከል ማለት አይደለም። በአሜሪካ ከ2018 ወዲህ ኢንሱሊን የሚወስድ የንግድ ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ቢያንስ የ3 ወር የስኳር መዝገቡን ለሐኪሙ አቅርቦ ብቁነቱ ሊረጋገጥለት ይችላል። ስለዚህ የሚለኩትን ሁሉ ከሰዓቱ፣ ከምግቡና ከጉዞው ጋር ይመዝግቡ፤ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡም ሥራዎ መንዳት መሆኑን አስቀድመው ይንገሩትና ስኳር የማውረድ ጠባዩ አነስተኛ ወደሆነ መድኃኒት መዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት።