የመጀመሪያ ሲንተሳይዘራችሁን ከኪት ስትገጣጥሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ አንድ አይሲ (ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) ቢቃጠልባችሁ ምትኩን ጎረቤት ሱቅ አታገኙትም። ስለዚህ እዚህ ሆኖ ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) ከኪት፣ ማለትም ተነጣጥለው ከሚመጡ ዕቃዎች፣ ለሚገጣጥም ሰው ከሁሉም የከፋው ጠላት ችኮላ ነው።

በትልቅ ኪት መጀመር። ዓይን መዞሪያ በሞላበት ቦርድ ላይ ቢያርፍም ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርባችሁ። ፎረስት ሚምስ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው፣ በኋላ «አታሪ ፐንክ ኮንሶል» የተባለው ሰርኪዩት ሁለት 555 ታይመር የሚባል አይሲ ወይም ሁለቱን በአንድ የያዘው 556 ይበቃዋል፤ በ9 ቮልት ባትሪም ይጮኻል።

ሬዚስተርን በዓይን ብቻ ማመን። ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታው ዕቃ) መጠኑ የሚነበበው በላዩ ካሉት የቀለም መስመሮች ነው፦ 1 ኪሎ ኦም ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ነው፤ 10 ኪሎ ኦም ደግሞ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ። ማታ በአምፖል ብርሃን ቀዩና ብርቱካናማው ይምታታሉ። እያንዳንዱን በመልቲሜትር ለክታችሁ አስገቡ።

ሊዱን (ቀልጦ የሚበይደውን ሽቦ) በመበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጦ ወደ ቦርዱ መውሰድ። በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው፤ ሥራ ካቆሙ ኪቶች ብዙዎቹን ያበላሸውም ይኸው ይመስለኛል። 350 ዲግሪ ገደማ የሞቀው ጫፍ የዕቃውን እግርና የቦርዱን የመዳብ ቀለበት አንድ ላይ ይንካ። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆዩና ሊዱን በተቃራኒው ወገን አስጠጉት። ራሱ ፈስሶ ቀለበቱን ይሞላል። መጀመሪያ ሊዱን፣ ቀጥሎ መበየጃውን አንሱ፤ እስኪረጋ ድረስም ቦርዱን አታንቀሳቅሱ። ጥሩ ብየዳ እግሩን ተከትሎ ወደ ላይ ይሾላል፤ መጥፎው እንደ ጤዛ ጠብታ ተንከባልሎ ይቀመጣል። የቧንቧ ሠራተኞች የሚቀቡትን ፓስታ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ አሲዱ መዳቡን ይበላዋል። መስኮት መክፈትም አትርሱ፣ ጭሱ ለሳንባ አይበጅም።

አቅጣጫ መገልበጥ። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፣ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ። የዳዮዱን ቀለበትና በአይሲው አንድ ጫፍ ላይ ያለውን ጎድጓዳ ምልክት ቦርዱ ላይ ከተሳለው ጋር አስተያዩ። ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት ፖዘቲቩና ግራውንዱ አለመነካካታቸውን በመልቲሜትር አረጋግጡ።

ሳይሞቅ መቃኘት። ይህ የሚመጣው ኪቦርድ ወደሚቀበል ኪት ስትሸጋገሩ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን እየሰማ ያደገ የወሎ ጆሮ ከቅኝት የወጣ ድምፅ ወዲያው ይጎረብጠዋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አትሰስቱ። በብዙ አናሎግ ሲንተሳይዘር 1 ቮልት አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ርቀት) ነው፤ ግማሽ ድምፅ 83.3 ሚሊቮልት ይሆናል። ሜጀር ትዝታን ለማውጣት 0፣ 0.167፣ 0.333፣ 0.583 እና 0.75 ቮልት ትሰጣላችሁ። የኦሲሌተሩ (ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል) ትራንዚስተሮች ግን ሙቀት ሲለወጥ ድምፃቸው ይንሸራተታል። ክዳኑን ዘግታችሁ አብሩትና ሃያ ደቂቃ ያህል እስኪሞቅ ጠብቁ። ከዚያ 1 ቮልት ሰጥታችሁ የታችኛውን ድምፅ በዋናው መዞሪያ፣ 3 ቮልት ሰጥታችሁ የላይኛውን በትሪመሩ (ቦርዱ ላይ ባለው፣ በካቻቢቴ በሚዞረው ትንሽ መዞሪያ) አስተካክሉ፤ በመካከላቸው ልክ ሁለት ኦክታቭ እስኪሆን ደጋግሙት። ደሴ ብርድ ላይ የተቃኘውን ይዛችሁ ኮምቦልቻ የምትጫወቱ ከሆነ፣ እዚያ አሙቃችሁ እንደገና ቃኙት።