ቤዝ ጊታር ሲገዙ፣ ሲጠግኑና ሲጫወቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያ ቤዙን የሚገዛው ያገለገለ ነው። ወይ ከሌላ ሙዚቀኛ እጅ ይገዛል፣ ወይ ዘመድ ከውጭ ይዞለት ይመጣል። ያገለገለ መግዛት ክፋት የለውም። ችግሩ ገዢው የሚያየው ቦታ ላይ ነው። ቀለሙን ያያል፣ ስሙን ያነባል፣ ይከፍላል። የቤዝ ጤና ያለው ግን አንገቱ ላይ ነው።

በስም መግዛት

ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከዚያ ወዲህ ቅርጹን ስንቱ ፋብሪካ እንደቀዳው ተቆጥሮ አያልቅም። ስለዚህ ቅርጹ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። መቃኛዎቹ ባሉበት የአንገቱ ጫፍ ላይ ያለውም ስም ተለጣፊ ሊሆን ይችላል። ዋጋው በስሙ ምክንያት ከተሰቀለ መለያ ቁጥሩን ያጣሩ፤ ወይም የሚያውቅ ሰው ይዘው ይሂዱ። እኔን ከጠየቁኝ፣ አንገቱ ከተጠመዘዘ ባለስም ቤዝ ይልቅ አንገቱ ጤነኛ የሆነ ስም የለሽ ቤዝ እመርጣለሁ።

አንገቱን ሳይመረምሩ መክፈል

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቤዙን ያንሱና ኢላማ እንደሚያነጣጥር ሰው በአንድ ዓይን አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዩት። ሁለት ነገር ሊያዩ ይችላሉ። አንዱ ጉብጠት ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ሌላው መጠምዘዝ ነው፤ የአንገቱ አንድ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን ካዩ ይተዉት። ጥገናው ከባድ ነው፣ ዋጋውም ቤዙን ሊያክል ይችላል።

ከዚያ ወፍራሙን ክር የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተቀበረው ብረት) ላይ በአንድ እጅ፣ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ በሌላ እጅ ይጫኑት። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል፤ የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ማለት ነው። ክፍተቱ ጭራሽ ከሌለ አንገቱ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ሄዷል። ሰፊ ከሆነ ወደ ፊት ጎብጧል።

አሁን እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ይምቱ። ሻጩ ቢቸኩልም አይቸኩሉ። አንድ ቦታ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ ያ ፍሬት ተበልቷል ወይም ጎረቤቱ ተነስቷል። ሁሉም ቦታ የሚንጫጫ ከሆነ ማስተካከያ ነው የሚፈልገው፤ ያንን ዋጋ መከራከሪያ ያድርጉት። አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ቅኝቱ ቢዛባም አይደንግጡ። ክሩ ብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹን የሚሸከመው ብረት) ላይ የሚያርፍበትን ቁራጭ በማንቀሳቀስ ይስተካከላል፤ ቅኝቱ ከፍ ካለ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ።

ትረስ ሮድን እንደ ተራ ቡሎን ማጥበቅ

ትረስ ሮድ አንገቱ ውስጥ ያለ ብረት ነው። ሥራው የክሮቹን ጉተታ መቋቋም ነው። ክሩ ከፍ አለብኝ ብሎ እሱን ማጥበቅ የተለመደ ጥፋት ነው። የክር ከፍታ የሚስተካከለው ብሪጁ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንገቱ ከወቅቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይሰበሰባል፣ ክሮቹ መንጫጫት ይጀምራሉ። የፍሬቶቹ ጫፍም ከእንጨቱ ወጥቶ እጅ ይቧጥጣል። ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ስለሚስብ አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ክሮቹም ይነሳሉ። ስለዚህ ማስተካከያው ያስፈልጋል፤ ግን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፉ። ክሮቹን መልሰው ቃኝተው እስከ ማግስቱ ይጠብቁ። አልዞር ካለ አያስገድዱት። ቁልፉም በልኩ ይሁን፤ የአሜሪካ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ በኢንች፣ የእስያዎቹ በሚሊሜትር ናቸው። ተቀራራቢ ቁልፍ የጭንቅላቱን ቀዳዳ ይልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ መፍትሔው ከባድ ነው።

ክርን አሳጥሮ መቁረጥ

የቤዝ ክር ውድ ነው፤ አንዴ ካጠረ አይመለስም። ከመቃኛው አልፎ አሥር ሴንቲሜትር ያህል ይተዉ። ደግሞም መጀመሪያ አጥፈው ኋላ ይቁረጡት፤ ሳይታጠፍ ከተቆረጠ ላዩ የተጠመጠመው ሽቦ ከውስጡ ሊላቀቅ ይችላል። ከተጫወቱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜውን ያረዝማል።

«ተበላሽቷል» ብሎ መፍታት

ድምፁ ከደከመ መጀመሪያ ባትሪውን ይዩ። ብዙ ቤዞች ውስጥ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለ፤ ኬብሉ ተሰክቶ ካደረ ያልቃል። የኬብሉ መሰኪያ (ጃኩ) ከላላ ደግሞ ከውጭ ሆነው ፍሬውን ብቻ አያዙሩ፤ ውስጥ ያለው ሽቦ አብሮ ተጠማዞ ይበጠሳል። ቮልዩሙ ከተንሿሿ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ እንጂ የምግብ ዘይት አያስነኩት። ሱፐር ግሉ ለእንጨቱም ለፍሬቱም የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞክሩት።

በጊታር አምፕሊፋየር ከፍ አድርጎ መጫወትም ጉዳት አለው። የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ለጊታር የተሠራ ስፒከር ይህን በከፍተኛ ድምፅ አይችለውም። ለልምምድ በዝቅታ ይሆናል፣ ለመድረክ አይሆንም።

ቅኝቱን ሳያውቁ መምታት

ይህኛው ብዙ አይወራም፣ ለእኔ ግን ያሳስበኛል። ጀማሪው ከኢንተርኔት የሮክና የፈንክ መስመሮችን ይለማመዳል፣ ጣቱ ይፈጥናል። ከዚያ የአምባሰል ቅኝት ሲመጣበት የለመደውን ያስገባል። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ቢሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ነው። ሚ የለበትም። ቤዙ ሚን ከመታ ዘፋኙ ምንም ቢያምር የዘፈኑ ስሜት ይበላሻል፤ ከታች ያለው ድምፅ ሁሉንም ስለሚጎትት። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በአንገቱ ላይ ከየትኛውም ቦታ ተነስተው መምታት እስኪችሉ ሌላውን ያቆዩት።

ምቱም እንደዚያው ነው። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ይቆጠራል፤ በአራት ብቻ የለመደ እጅ ይደናገራል። የሮሃ ባንድን ቅጂዎች ከፍተው የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ ለይተው ያድምጡ። ከበሮው ጋር እንዴት እንደሚሄድ ይከታተሉ።

ከክራር ጋር ሲጫወቱ ደግሞ ስልክዎ ላይ ያለውን መቃኛ የመጨረሻ ዳኛ አያድርጉት። ክራር ብዙ ጊዜ የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው፤ ከፒያኖ ኖታዎች መካከል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ክራረኛው ክሮቹን በሙሉ እንዲቀይርልዎ አይጠይቁት። አራት ክር የያዙት እርስዎ ነዎት፤ እሱን ሰምተው ይቃኙ።