ሁለት ማይክሮፎን አብሮ ሲከፈት የሚሳሳው የጊታር ድምፅ
የሃርድ ሮክ ባንዳችንን የመጀመሪያ አልበም ስንቀዳ፣ በጊታሩ ስፒከር ፊት የቆሙት ሁለት ማይክሮፎኖች ለየብቻ ሲደመጡ ድምፃቸው ወፍራም ሆኖ ሳለ፣ አብረው ሲከፈቱ ግን ጊታሩ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። በኢኳላይዘር (ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን ድምፆችን ለየብቻ በሚያስተካክለው መሣሪያ) መካከለኛውን ድምፅ ማጉላት ጩኸት ከመጨመር በቀር አልረዳም፤ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን የላይና የታች አቅጣጫ) መገልበጥም ጉድለቱን ወደ ሌላ ፍሪኩዌንሲ (የድምፅ ድግግሞሽ) አዛወረው እንጂ አላስወገደውም። ሪፐር በተባለው የድምፅ መቅጃ ሶፍትዌር ላይ ሁለቱን ሞገዶች አጉልተን ስናይ አንደኛው በ0.5 ሚሊሰከንድ ዘግይቷል፤ ይህም የ17 ሴንቲ ሜትር ያህል የርቀት ልዩነት ሲሆን፣ 1000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ እርስ በርሱ ያጣፋል። የዘገየውን ትራክ በ24 ሳምፕል (ቅጂው በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ወይም የድምፅ ናሙና ነበር) ስናስቀድመው ውፍረቱ ወዲያው ተመለሰ። የቀሩትን ዘፈኖች ሁለቱንም ማይክሮፎኖች ከስፒከሩ እኩል ርቀት ላይ አቁመን ቀዳን፤ የክፍሉን ድባብ ለመያዝ ሆን ተብሎ የሚራቀውን ማይክሮፎን ግን እንዲህ ማስተካከል አያስፈልግም።