የነርቭ ሴልን ከፋሲል ግንብ እስከ ፋሲል መዋኛ በእግር ማስተማር

የመማሪያ መጻሕፍት የነርቭ ሴልን ሲስሉ አክሶኑን፣ ማለትም ከሴሉ አካል የሚወጣውን ረጅም ክር፣ ያሳጥሩታል፤ ገጹ አይበቃማ። ከአከርካሪ አጠገብ ተነሥቶ እግር ጣት የሚደርስ አክሶን ግን ወደ 1 ሜትር ይጠጋል፤ የሴሉ አካል ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ይህ ርቀት በዓይን ካልታየ የሴሉ ችግር፣ ማለትም ከአክሶኑ ጫፍ የሚነሣ መልእክት እንዴት ወደ ሴሉ አካል እንደሚደርስ፣ ተማሪ አይገባውም። ስለዚህ ጎንደር የምታስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መጀመሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጨርቅ ኳስ ያዘጋጁና ፋሲል ግንብ በር ላይ ለሁለት ተማሪዎች ያስይዙ። የሴሉ አካል ይህ ነው፤ 2,000 ጊዜ አድጎ። በዚሁ ልክ አክሶኑ 2 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ቀሃ ወንዝ አጠገብ እስካለው የአፄ ፋሲል መዋኛ ማለት ነው። ሌሎቹን ይዘው እዚያ ይውረዱ።

መዋኛው ጋ ሲደርሱ ሁለት ተማሪዎች ጎን ለጎን ቆመው እጃቸውን ይዘርጉ፤ እነርሱ በአክሶኑ ጫፍ ላይ ያሉት ትርክ-ኤ የተባሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው። ሦስተኛው ሎሚ ያምጣ። ሎሚው የነርቭ እድገት ፋክተር ነው፤ ነርቭ እንዲያድግና እንዲኖር ምልክት የሚሰጥ ፕሮቲን ማለት ነው፤ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 ኖቤል የተሸለሙት ከዚህ ግኝት ጋር በተያያዘ ነው። ሎሚው ሲነካቸው ሁለቱ ይያያዙ፤ ተቀባዮቹም እንዲሁ ተጣምረው አንዱ ሌላውን ያነቃል።

አሁን ሁለት ወረቀት ይጻፉ። “እደግ” የሚለው እዚያው ይቅር። ከተቀባዮቹ ሥር የሚነሣው ምልክት የሴሉን አጽም የሚሠሩትን የአክቲን ክሮችንና ማይክሮቲዩቡሎችን ያስገነባል፣ ጫፉም ወደፊት ይገፋል፤ ኒውክሊየስን ማስፈቀድ አያስፈልግም። ጫፉ አንዳንድ ፕሮቲኖችን እዚያው ራሱ ይሠራል።

“ኑር” የሚለው ግን ወደ ኳሱ መመለስ አለበት። የሴሉ ሽፋን ወደ ውስጥ ታጥፎ ፋክተሩንና ተቀባዩን አብሮ ይውጣል፤ ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ዳይኒን የተባለው ሞተር ፕሮቲን ከረጢቱን በማይክሮቲዩቡል ላይ ይጎትታል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ቢዘግዩ አይቆጭም፦ አንድ ተማሪ በሞዴሉ ፍጥነት፣ ማለትም በ2,000 ተባዝቶ፣ ወረቀቱን ለአንድ ደቂቃ ያንቀሳቅስ። 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው! ግንቡ በር ለመድረስ 12 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ምልክቱ ያለ ሞተር ተንሳፍፎ ይሂድ ቢባል ደግሞ የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

ወረቀቱ በተለመደው እርምጃ ኳሱ ጋ ይድረስ። እውነተኛው ምልክት ሲደርስ ሞትን የሚከለክሉ ጂኖች ይነቃሉ። በፅንስ እድገት ወቅት ምልክቱ ያልደረሰው ሴል ራሱን ያጠፋል። ይህ በዋናነት በማደግ ላይ ያሉ የስሜትና የሲምፓቴቲክ (እንደ ልብ ያሉ የውስጥ አካላትን ያለ ፈቃዳችን የሚያዙ) ነርቮች ታሪክ መሆኑን ይንገሯቸው፤ የአዋቂ ሰው የስሜት ነርቮች በአብዛኛው ለመኖር ይህን ፋክተር አይጠብቁም።

ለመጨረሻው የአክሶኑን ጫፍ ለሁለት ቅርንጫፍ ይክፈሉት፤ ለሁለቱም ሎሚ ይስጡና ከአንዱ ይንጠቁ። ሴሉ ይሞታል ወይ? መልሱን ሳይነግሯቸው ተማሪዎቹ ይከራከሩ። ሮበርት ካምፐኖት እ.ኤ.አ. በ1977 የሴሉን አካልና አክሶኖቹን በተለያየ ክፍል የሚያሳድግ ሳህን አስተዋወቀ። በዚያ ሳህን እንደታየው፣ ሌላው ቅርንጫፍ ፋክተር እስካገኘ ድረስ ሴሉ ይኖራል፤ የተነጠቀው ቅርንጫፍ ግን ማደጉን አቁሞ ይመነምናል።