የመጀመሪያዋን የእንፋሎት ሞዴል ባቡር ድሬዳዋ ላይ ማስነሳት

በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ የገባው የአሮጌው ምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። በ1፡22.5 ሲያንስ 45 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለእንፋሎት ሞዴል በብዛት የሚሸጠው ሐዲድም ይኸው ነው። ለጀማሪ በቡታን ጋዝ የምትነድ፣ ሁለት ሲሊንደር ያላት ትንሽ ሎኮሞቲቭ ትበቃለች። የከሰሉ ይቆይ፤ እሳት መጠበቅና መንዳት በአንድ ጊዜ አይለመድም።

ሐዲዱን መሬት ላይ አትዘርጉት። የድሬዳዋ ደቃቅ አሸዋ ዘይት የነካው ብረት ላይ ተለጥፎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላል። ወገብ በሚደርስ ጣውላ ላይ አንሱትና ዙሪያውን በውሃ ልክ እየለካችሁ አስተካክሉ። ሪሞት የሌላት ሎኮሞቲቭ በመቶ አንድ ተዳፋት እንኳ ታውቃለች፤ ቁልቁል ትሮጣለች፣ ዳገት ላይ ትቆማለች። ለትንንሾቹ 60 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ይበቃል ቢባልም 1.2 ሜትር ከሆነ ጎማው አይጨነቅም።

ቀጥሎ ውሃ። የከተማው የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ያው ቅርፊት ቦይለር (ውሃው የሚፈላበት ታንክ) ውስጥ ሲጋገር ሙቀት ያግዳል፤ ግፊት ሲበዛ እንፋሎት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ መቀመጫ ላይ ከያዘ ደግሞ ቫልቩ በጊዜው አይከፈትም። የተጣራ የባትሪ ውሃ ወይም ንጹሕ ዕቃ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ። የባትሪ ውሃ ስትገዙ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣል።

የዘይቱ ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ለዘንጎቹና ለጎማ አክሰሎቹ የስፌት መኪና ዘይት፣ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ። ለሲሊንደሩ ግን ቁጥሩ 460 የሆነ የእንፋሎት ሲሊንደር ዘይት ብቻ ነው ሉብሪኬተሩ (ዘይቱን ለእንፋሎቱ የሚያቀብለው ትንሽ ዕቃ) ውስጥ የሚገባው። በ3 ባር ግፊት እንፋሎቱ 140 ዲግሪ ይደርሳል፤ የመኪና ሞተር ዘይት እዚያ ውስጥ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ይታጠባል፣ ፒስተኑም ደርቆ ይፋጫል። ዘይቱን ከሎኮሞቲቩ ጋር አብራችሁ እዘዙ፤ ሱቅ ለሱቅ መዞር ጊዜ ማባከን ነው።

አሞላሉ ቅደም ተከተል አለው፤ ዘይት፣ ውሃ፣ በመጨረሻ ጋዝ። ቦይለሩን እስከ አፉ ሙሉና ቀጭን ቱቦ በተሰካበት ስሪንጅ 30 ሚሊ ሊትር ያህል መልሳችሁ ሳቡ። ባዶ ቦታ ከሌለ ከእንፋሎቱ ጋር የፈላ ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ጋዙ ንጹሕ ቡታን፣ ማለትም የላይተር ጋዝ ይሁን፤ ፕሮፔን የተቀላቀለበት የካምፕ ጋዝ በዚህ ሙቀት ግፊቱ ይበዛል። የጋዙን ጣሳ ገልብጣችሁ የሎኮሞቲቯ ጋዝ ታንክ አፍ ላይ ጫኑት፤ ፈሳሹ በአፉ ሲተፋ ሞልቷል ማለት ነው። ቡታን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ግቢ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ፣ ወይ እሱ ይጥፋ ወይ እናንተ ራቁ። ሞልታችሁ ጣሳውን አርቁና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ።

ለማቀጣጠል የእንፋሎቱን መክፈቻ ዝጉ፣ ክብሪቱን ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያዙ፣ ከዚያ የጋዙን ቫልቭ ሹክሹክታ እስኪሰማ ብቻ ክፈቱ። እሳቱ «ፑፍ» ብሎ ወደ ውስጥ ገብቶ ቦይለሩ ሆድ ውስጥ መንደድ አለበት። ጭስ ማውጫው ጋ ከቀረ ወይም ካፏጨ ጋዙ በዝቷልና ቀንሱ። እያደር አልነድ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የጋዙ አፍንጫ ቆሽሾ ነው። ፈታችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ በጋዝ ንፉት። መርፌ አታስገቡ፤ ቀዳዳው ከሰፋ እሳቱ ከዚያ በኋላ አይስተካከልም።

ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ባለው ጊዜ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ወደ 3 ባር ይጠጋል፣ ሴፍቲ ቫልቩም ይተነፍሳል። ፊታችሁን ከበላዩ አርቁ። ያኔ ጋዙን ቀንሱ። እኩለ ቀን ላይ ግን ብትቀንሱም ቫልቩ አይዘጋም፤ የጋዝ ታንኩ ስለሚግል እሳቱ ይበረታል። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ማስነሳት ይሻላል።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው መነሻው ነው። ሲሊንደሮቹ ስለሚቀዘቅዙ የመጀመሪያው እንፋሎት ውሃ ይሆናል፣ ውሃ ደግሞ አይታመቅም። ስለዚህ መክፈቻውን አብዝታችሁ አትክፈቱ፣ በኃይልም አትግፉ። ማርሹን ወደ ፊት አድርጉ፣ በጥቂቱ ክፈቱና በእጅ ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ ጭስ ማውጫው ዘይት የተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ ይተፋል። ወደ ኋላም ድገሙት። ሦስት አራት ጊዜ ከሄደች መትፋቱ ያቆማል፣ ራሷም ትሄዳለች። ባዶዋን አታስሩጧት፤ ሦስት አራት ፉርጎ ስትጎትት ፍጥነቷ ይረጋል።

በአንድ ሙሌት 20 ደቂቃ ገደማ ትሄዳለች። ጋዙ ከውሃው በፊት እንዲያልቅ ተደርጎ ነው የተሠራችው፤ ውሃ ሳትጨምሩ ጋዝ ብቻ ደግማችሁ ከሞላችሁ ግን ባዶ ቦይለር ትጠብሳላችሁ። እሳቱ ሲጠፋ የቀረውን ግፊት እየሄደች ትጨርሰው። ጌጁ ዜሮ ሲል የውሃ ክዳኑን በጨርቅ ይዛችሁ አላሉ፤ ተዘግቶ ከቀዘቀዘ ውስጡ ቫኩም ይሆንና ዘይቱን ከሉብሪኬተሩ ወደ ቦይለር ይስባል። በጋለ ባዶ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፤ ሩብ ሰዓት ይረፍ። ለሁለተኛው ዙር ጋዝ አልገባ ካለ ታንኩ ስለጋለ ነውና እርጥብ ጨርቅ ጣሉበት። ሉብሪኬተሩንም ክፈቱ፦ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ከታች ውሃ ሆኗል፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ውሃውን በስሪንጅ ስባችሁ አውጡና በአዲስ ዘይት ሙሉት። የውሃው መጠን ዘይቱ ምን ያህል እንደሄደ ይናገራል፤ ምንም ውሃ ካልተገኘበት ቧንቧው ተዘግቷል፣ ሳይጸዳ አትነሳም።