ከእንጦጦ ዳገት የተነሳ የድሮ አዲስ አበባ ፎቶ፦ ዘመኑን እንዴት እንለይ?

መጀመሪያ ፎቶው ተገልብጦ እንዳልታተመ አረጋግጡ። የመስታወት ኔጌቲቭ (ፎቶው የሚታተምበት ዋና ምስል) በጀርባው ከታተመ ግራና ቀኙ ይቀያየራል። ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ስታዩ የረር ተራራ በግራ፣ ፉሪ ተራራ በቀኝ ነው፤ ተቀያይረው ከታዩ ምስሉን መልሱት።

ዘመኑን የሚነግራችሁ በፎቶው ውስጥ ካሉት ሁሉ አዲሱ ሕንፃ ነው። በጎጆው ብዛት የሚገምት ሰው ብዙ ጊዜ ይስታል፤ የሣር ክዳንና ቆርቆሮ ለዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋልና። የአራዳው ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ተጠናቆ ከታየ ፎቶው ከ1903 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ቀረብ ብሎ በተነሳ ፎቶ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ካለ ደግሞ ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የሐውልቱ አለመኖር ግን ብቻውን አያስተማምንም፤ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ከቦታው ነቅሎት ነበር። ከዳገቱ ላይ ሲታይም ባሕር ዛፉ ብዙ ሕንፃ ይደብቃል።

ጣሪያውንም በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ፤ ተጨማሪ ፍንጭ ይሰጣል። አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ነጭ ሆኖ ያበራል። የዛገው ግን እንደ ሣር ይጠቁራል፤ የያኔው ፊልም ቀይ ቀለምን ስለማይቀበል ዝገቱንና ቀዩን አፈር አጥቁሮ ያወጣቸዋል። ስለዚህ በቀለሙ አትፍረዱ፤ ቅርጹን እዩ። ሣር ክዳን ጠርዙ ወፍራምና ክብ ነው፣ ቆርቆሮ ግን ቀጥ ያለ ጫፍ አለው። ቆርቆሮ ከባቡሩ በፊትም በእንስሳት ጭነት ይመጣ ነበር፤ በብዛት የገባው ግን ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ካለ ወደ ዓ.ም. ለመለወጥ ከጃንዋሪ 1 እስከ መስከረም መባቻ 8፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር ማብቂያ 7 ቀንሱ። ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ያዙ።

ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታ ለማግኘት አንድ ቅርብ ነገርና አንድ ሩቅ ተራራ በአንድ መስመር የሚገጥሙበትን ፈልጉ፤ ሁለተኛ ጥንድ ሲጨመር መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ቦታው ነው። ሕንፃዎቹን ዛሬ ፎቅ ሸፍኗቸው ከሆነ በተራሮቹ ጫፍና በሸለቆዎቹ ተመሩ። ያንኑ እይታ ለማነጻጸር ዛሬ በስልክ ስታነሱ ሰፊውን ሌንስ ተዉ፤ ተራሮቹን አሳንሶ ያርቃቸዋል። ጥሩው ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጥቅምት ነው፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት አንሱ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ከፊት ይመጣል።

የደረሳችሁበትን ከዋናው ፎቶ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፎቶው ፊት ዘልቆ ሊወጣ ይችላል።