ራም የሚበላውን የኮድ መስመር በትሬስማሎክ ያዙት

ደሴ ፒያሳ ላለ አንድ ሱቅ የሠራሁት የዕቃ መመዝገቢያ ጠዋት ፈጣን ነው፤ ከሰዓት ራም ጨርሶ ይንፏቀቃል። ዳታቤዙን ስጠረጥር ሁለት ቀን ባከነ። በፓይተን ፕሮግራም የምትጽፉ፣ እባካችሁ ከመገመት ለኩ። ከፓይተን 3.4 ጀምሮ ትሬስማሎክ (tracemalloc) የሚባል የሜሞሪ መከታተያ አብሮት ይመጣል፤ የሚጫን ነገር የለም። ፕሮግራሙ ሲነሳ አስጀምሩት። ጥቂት ሽያጭ መዝግባችሁ አንድ ስናፕሾት (በዚያች ቅጽበት ሜሞሪው በምን እንደተያዘ የሚያሳይ ቅጂ) ውሰዱ። ሌላ 20 ሽያጭ ጨምሩና ሁለተኛውን ወስዳችሁ አወዳድሩ። ሜሞሪው የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር ላይ እንዳበጠ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። የኔው አንዲት መስመር ነበረች፦ እያንዳንዱን ደረሰኝ ሊስት ውስጥ ትጨምራለች፤ የሚያወጣው ግን የለም። ሜሞሪው ደህና ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ ካስቸገራችሁ የትኛው የኮድ ክፍል ጊዜ እንደሚወስድ የሚለካውን ሲፕሮፋይልን (cProfile) ተጠቀሙ። ትሬስማሎክ ራሱ ፕሮግራሙን ስለሚያዘገይ ስትጨርሱ አጥፉት።